«እሱ እዚህ ቢመጣ ምን ይሠራል?»

ጋፋትን የማያውቅ የደብረ ታቦር ልጅ የለም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ነው። ተማሪ ሳለን ስለ ቦታው የሚነገረን ሁሌም አንድ ታሪክ ነበር፦ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ያሠሩት እዚህ ነው፣ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው፣ እስከ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። እኛም ይህንን ሸምድደን ፈተና ላይ እንጽፋለን። በቃ።

ያልተነገረን ነገር አለ። መድፉን ያቀለጡት የውጭ አገር ሰዎች ጋፋት ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው የሚኖሩ ነበሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጣ ሰው ነው። ያገባት ሱዛን ቤልን ነው። አባቷ የንጉሡ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ሌላው መድፍ ቀላጭ ሞሪትዝ ሆል ደግሞ ከፖላንድ የመጣ ነው። እሱም ያገባት እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ አባቷ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር የሆነችውን ልጅ ነው። ከዚህ ቤተሰብ የልጅ ልጅ ልጅ ሆኖ የተወለደው ሰው ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው እንግሊዛዊው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። አዎ፣ የሆሊውዱ።

በዚያ ዘመን ኢሚግሬሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዱም የሥራ ፈቃዱም የንጉሡ ቃል ነበር። ቃሉ ደግሞ ሙሉ ነበር፦ ቤት ይሰጣል፣ ሥራ ይሰጣል፣ ማግባትም ይፈቀዳል። ችግሩ ሌላ ጋ ነበር። ነገሩ ሲበላሽ ያው ቃል መውጫውን ዘጋባቸውና መጨረሻቸው ከነቤተሰባቸው መቅደላ ሆነ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ዋልድማየርም ሆልም ሚስቶቻቸውን ይዘው ከአገር ወጡ። ዋልድማየር ከዚያ በኋላ ሊባኖስ ውስጥ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ቆይቶም አስፉሪያ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። ከጋፋት የሄደ እውቀትና ከጋፋት የሄደች ሚስት ሌላ አገር ሠሩ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ታሪክ ለማውራት አይደለም። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ የገጠማት ነገር ጋፋትን በሌላ ዓይን እንዳየው ስላደረገኝ ነው።

ጓደኛዬ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ አንድ ኬንያዊ የሒሳብ ባለሙያ ተዋወቀች። ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሊጋቡ ነው። እሱ ደብረ ታቦርን አይቷታል። ብርዱን ወዶታል፣ ቡሄ ላይ ጅራፍ አስጩኸውታል፣ አማርኛ እየተማረ ነው። እሷ እናቷን ጥላ መሄድ አትፈልግም። ስለዚህ እዚሁ እንኑር ተባባሉ። እናትየው ጉዳዩን ሲሰሙ ስለ ሃይማኖቱም ስለ ዘሩም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ እሱ እዚህ ቢመጣ ምን ይሠራል?»

እኔ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ውስጥ እንደዚህ ቀጥ ያለ አላስታውስም። መልሱን ለመፈለግ ተነሳሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ ከዚያ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ደጉን ልናገር። ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ዜጋ ማግባት ክልክል አይደለም። ከ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጀምሮ፣ የክልላችንን የ1995 የቤተሰብ ሕግ ጨምሮ፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል። ውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻም ይታወቃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ኢትዮጵያዊ ወንድም ሆነ ሴት የውጭ ዜጋ በማግባቱ ዜግነቱን እንደማያጣ በግልጽ ተጽፏል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው የ1922ቱ የዜግነት ሕግ ወንድና ሴትን አንድ ዓይን አላያቸውም። ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ አገር ሴት ሲያገባ እሷ ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው ስታገባ ግን የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች። በሌላ አነጋገር ወንዱ ሚስቱን ያመጣል፣ ሴቷ ትወሰዳለች። ሕጉ ተቀይሯል። ልማዱ ግን ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ አለ፤ ጓደኛዬን የሚያገኛት ሰው ሁሉ የሚጠይቃት «መቼ ነው የምትሄጂው?» ብሎ ነው። «መቼ ይመጣል?» ያላት የለም።

ዜግነትም ቢሆን በሩ ዝግ አይደለም። በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ዜጋ ከሌላው ባጠረ ጊዜ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ሌላው የውጭ ዜጋ አራት ዓመት እዚህ መኖር ሲጠበቅበት፣ በትዳር የመጣው ግን ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላውና ከማመልከቱ በፊት አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከኖረ ይበቃዋል። ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ልጅ ከተወለደም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ በቂ ነው፤ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው።

እስከዚህ ስሰማ ጓደኛዬን ደውዬ «እንኳን ደስ አለሽ» ልላት ነበር። ከዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ገባሁ።

አንደኛ፣ ያው አዋጅ አመልካቹ የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቁን ወይም የኢትዮጵያን ሲያገኝ የሚለቅ መሆኑን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። ስለዚህ ይህ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ኬንያዊ መሆኑን መተው አለበት። የራሱ እናትና አባት ናይሮቢ ናቸው። ሚስቱ እናቷን እንዳትተው ብሎ እሱ አገሩን እንዲተው ሊጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ዜግነቱን እስኪያገኝ ወይም ላለመውሰድ ከወሰነ እስከመጨረሻው፣ የሚኖረው በመኖሪያ ፈቃድ ነው። ኬንያውያን ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቁም። ግን መግባት ሌላ፣ መኖር ሌላ። በእንግድነት ገብቶ ቀን ያሳለፈ ሰው ይቀጣል። ለመኖር የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱም ይታደሳል።

ሦስተኛው ነው የእናትየው ጥያቄ። መኖሪያ ፈቃድ እና የሥራ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ማንኛውም የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራው የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ነው፣ ለሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሰውየው ለሥራው አያስፈልግም ከተባለም ሊሰረዝ ይችላል። አንቀጹ የሚያየው ሥራውን ነው። ሰውየው የማን ባል እንደሆነ፣ የማን አባት እንደሆነ አይጠይቅም። አንድ ኩባንያ ከውጭ ያስመጣው ኢንጂነርና ደብረ ታቦር ላይ ያገባ ሰው እዚያ አንቀጽ ፊት እኩል ናቸው። እንዲያውም ኢንጂነሩ ይሻላል፤ ከኋላው የሚያመለክትለት ቀጣሪ አለ።

እንግዲህ አስቡት። ሰውየው ትዳሩ ሕጋዊ ነው። መኖሩ ሕጋዊ ነው። ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ጠዋት ተነስቶ ለልጁ ወተት የሚገዛበትን ብር ለማግኘት ግን ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ቀጣሪ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ይጠብቀዋል።

አሁን የሌሎቹን ሁኔታ እዩ። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270፣ ሁላችንም በ«ቢጫ ካርድ» የምናውቀው፣ የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድም የመሥራት መብት ሰጥቷል። ጥሩ አደረገ። እኔ አልቃወምም፤ አክስቴም በዚህ ካርድ ነው የምትመጣው። በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ለስደተኞች የመሥራት መብት እውቅና ሰጠ። ይህም ትክክል ነው። ታዲያ ከአገር ወጥቶ ዜግነት የቀየረውን አሰብንለት፤ ተሰዶ የመጣውን አሰብንለት። እዚሁ የቀረችውን፣ ፓስፖርቷን ያልቀየረችውን፣ «ባሌን ይዤ አገሬ ልኑር» ያለችውን ግን በአዋጅ ደረጃ ያሰበላት የለም። የቢጫ ካርዱ አዋጅ ትርጉሙን የሚጀምረው ከትውልድ ነው፦ ራሱ፣ ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ። ትዳር የዚያ ትርጉም አካል አይደለም። በመመሪያና በአሠራር የሚከፈት በር ቢኖር እንኳ በመመሪያ የተከፈተ በመመሪያ ይዘጋል።

«ውጭ አገርም ከባድ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። የእኛ ሰው ከወዲያ የትዳር አጋሩን ለመውሰድ ሲሞክር የሚያየውን ፈተና እናውቃለን። አሜሪካ ያለው አመልካች ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ መድረሱን ማሳየት አለበት። ጀርመን የሚሄደው የትዳር አጋር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና አልፎ ነው የሚገባው። እንግሊዝ በሚያዝያ 2016 የገቢ መስፈርቱን ከ18 ሺህ 600 ወደ 29 ሺህ ፓውንድ አሳድጋለች። ስንት ጥንዶች በዚህ ምክንያት በኢሞና በቴሌግራም ተጋብተው እንደሚኖሩ የማያውቅ ማን አለ?

ግን አንድ ልዩነት አለ። እነዚያ አገሮች መግቢያው ላይ ያስጨንቃሉ፤ በትዳር ቪዛ ከገባህ በኋላ ግን ሥራ ትሠራለህ። እኛ ጋ መግቢያው ቀለል ይላል፣ ከገባህ በኋላ ግን እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ ነው። ስለዚህ ጥንዶች ቁጭ ብለው ሲያሰሉ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። ከሁለት ሰው አንዱ ብቻ የሚሠራበት አገር አለ፣ ሁለቱም የሚሠሩበት አገር አለ። ልብ ደብረ ታቦር ቢቀር እንኳ ሒሳቡ ቦሌ ይወስዳቸዋል። ሕጉ የውጭ ዜጋ እንዳይሠራ ሲከለክል የአገሩን ልጅ ሥራ የጠበቀ ይመስለዋል። በተግባር ግን የአገሩን ልጅ ከነሥራዋ ነው የሚሸኘው።

ራቅ ሳንል ጎረቤታችንን እንይ። የኬንያ ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነት ይፈቅዳል። ኬንያዊ ያገባ ሰው ትዳሩ ሰባት ዓመት ሲሞላው ዜግነት ማመልከት ይችላል፤ ከዚያ በፊትም ሦስት ዓመት የሞላው ትዳር ያለው ሰው ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ ሕጉ መንገድ አስቀምጦለታል። «እኛ ጥምር ዜግነት አንፈልግም» ካላችሁ ደግሞ ሕንድን ተመልከቱ። ሕንድም እንደኛ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። ግን ለትውልደ ሕንዳውያን ከእኛ ቢጫ ካርድ ጋር የሚመሳሰል ካርድ አላት፤ ያንን ካርድ ለሕንዳዊ ዜጋ የውጭ ባል ወይም ሚስትም በሕጓ ፈቅዳለች። ጋብቻው የተመዘገበና ሁለት ዓመት የቆየ መሆን አለበት። ካርዱ የዕድሜ ልክ ቪዛ ነው። ዜግነቱን ሳይተው ይኖራል፣ ይሠራል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ ቤቱን ያስተዳድራል። መሣሪያው እኛም ጋ አለ ማለት ነው። የጎደለው አዋጁ ውስጥ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

አንዱ «የወረቀት ጋብቻ ይበዛል» የሚለው ነው። ሊኖር ይችላል። ለፈቃድ ብሎ የሚያገባ በየትም አገር አለ። መፍትሔው ግን ሁሉንም መከልከል አይደለም፤ ማጣራት ነው። አሜሪካ ለምሳሌ ሁለት ዓመት ላልሞላው ትዳር የምትሰጠው መኖሪያ ጊዜያዊ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ ትዳሩ እውነት መሆኑን አሳይተህ ታጸናዋለህ። እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። ደግሞ እኛ አገር ትዳር በምስጢር አይደረግም፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል። የወረቀቱን ከእውነተኛው ለመለየት ከእኛ ቀበሌ የተሻለ ማን አለ?

ሌላው ከባዱ ነው፦ «ለራሳችን ተመራቂ ሥራ የለም፣ ለውጭ ዜጋ ከየት ይመጣል?» ይህን የምትሉ እኩዮቼ ናችሁ፣ እኔም ከተመረቅኩ በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ አውቃለሁ። ግን እናስተውል። የሥራ ብዛት እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ደብረ ታቦር ላይ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ደብረ ታቦር ላይ ቤት ይከራያል፣ ሽሮ ይበላል፣ ልብስ ያሰፋል፣ ግብር ይከፍላል። ሥራው በኢንተርኔት ከውጭ ድርጅት ጋር ከሆነ ደግሞ የሚያመጣው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ የኛ አገር ችግር ምን እንደሆነ ደግሞ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሰውየው እንዳይሠራ ብንከለክለው ያ ሥራ ለእኛ ተመራቂ አይደርሰውም። ባዶ ቤት ነው የሚተርፈን፤ ባለቤቶቹ ናይሮቢ ሄደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «የውጭ ዜጋ» ስንል ሁሉም ሰው ፈረንጅ ይመስለዋል። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የውጭ ዜጋ የሆነው የትዳር አጋር ኤርትራዊ ነው። ከ1990 እስከ 1992 በነበረው ጦርነት ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባርረው ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተዋል። ሐምሌ 2010 ላይ የአዲስ አበባ እና የአስመራ በረራ ሲጀመር አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያየነው ለቅሶ ሃያ ዓመት የተጠራቀመ ነበር። ትዳር በግልጽ መብት ላይ ካልቆመ፣ መንግሥታት ሲጣሉ ይፈርሳል፣ ሲታረቁ ይጠገናል። ጋፋትም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ንጉሡ ሲደሰቱ ቤት ሰጡ፣ ሲቆጡ እስር ሆነ። ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ ቤተሰብን በባለሥልጣን ፊት መልካም ፈቃድ ላይ ማንጠልጠል የለብንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊ ያገባና ጋብቻው በሕግ የተመዘገበ የውጭ ዜጋ የሚሰጠው መኖሪያ ፈቃድ ራሱ የመሥራት መብትን ይያዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጊዜያዊ ይሁኑ፣ ከዚያ ይጽና።

ሁለተኛ፣ የትዳር አጋር ዜግነቱን ሳይተው በቋሚነት የሚኖርበት ካርድ በአዋጅ ይጻፍ። መመሪያ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ጉዳዩ ለክልል ነዋሪ ይቅረብለት። ደብረ ታቦር ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የዚህን አካባቢ መንገድ የሰሞኑን ሁኔታ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማመልከቻ መቀበል፣ አሻራ መውሰድ፣ ፈቃድ ማደስ ባሕር ዳር ቢሆን ማን ይጎዳል?

አራተኛ፣ መስፈርቱ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች፣ በስልክ በሚነበብ መልኩ፣ አንድ ቦታ ይውጣ። ዛሬ አንዱ መስኮት አንድ ነገር ይልሃል፣ ሌላው ሌላ። ክፍተቱን የሚሞላው ደላላ ነው፤ ደላላ ደግሞ የሚከፈለው በብር ብቻ አይደለም፣ በውሸት ወረቀትም ጭምር ነው።

ይህ እስኪሆን ግን በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ጥቂት ነገር ልበል። መጀመሪያ አጋራችሁ የገባበትን ቪዛ ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ቀን አታሳልፉ። ከመጋባታችሁ በፊት ሰውየው ወይም ሴትየዋ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከአገሩ ወይም ከኤምባሲው ያምጣ፤ ውጭ የተሰጠ ሰነድ መረጋገጥና መተርጎም አለበት፣ ይህ ጊዜ ይወስዳልና ድንኳን ከመከራየታችሁ በፊት ጀምሩት። በቤተ ክርስቲያንም ተጋቡ በመስጊድ ወይም በሽማግሌ፣ ጋብቻውን ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ቪዲዮውና ፎቶው ለትዝታ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚቀበለው የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ነው። መኖሪያ ፈቃድ ስላለው ሥራ መጀመር ይችላል ብላችሁ አትገምቱ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፣ ቀጣሪውም እንዲያመለክት አድርጉ። አጋራችሁ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ማለትም ከወላጅ እስከ ቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ፣ ከሁሉም በፊት ቢጫ ካርዱን ይጠይቅ፤ ብዙ ጣጣ ያስቀርላችኋል። ዜግነት የመቀየርን ነገር ደግሞ በአንድ ሌሊት አትወስኑት። ኢትዮጵያዊ የሚሆነው ሰው የሚተወው ነገር አለና በግልጽ ተነጋገሩበት። ልጅ ስትወልዱ ወዲያው አስመዝግቡ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ባለፈው እሁድ ቤታቸው ቡና ጠጣን። ሁለቱም መንገዳቸውን ወስነዋል፤ ለጊዜው ናይሮቢ ይሄዳሉ። እሷ ነገሩን ስትናገር «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋገመቻት። እናትየው ሦስተኛውን ስኒ ሲቀዱ ቀና ሳይሉ «እሱስ እዚህ ሥራ ቢያገኝ ኖሮ ትቀሪ ነበር?» አሏት። «እቀር ነበር እማዬ» አለች።

እማማ የጠየቁት ጥያቄ አሁንም መልስ አላገኘም። መልሱ ያለው እሳቸው ጋ ወይም ልጃቸው ጋ አይደለም። አዋጅ የማርቀቅም የማጽደቅም ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች፦ እሱ እዚህ ቢመጣ ምን ይሠራል?